የጋሽ ሰብስቤ እርጥብ ጨርቅ

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ጉልበትና ስለ ፍጥነት ስንትና ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ። መኪና ግን ኖሮኝ አያውቅም፤ የሰው መኪና ሲቆምም ወርጄ ከመግፋት በቀር ያበረከትኩት ነገር የለም። ስለዚህ ባለፈው መጋቢት፣ አውራ ጣት ስለምታክል አንዲት የሞተር ዕቃ የሰማሁትን ክርክር ልጽፍ ስነሣ ባለቤቴ ሐመልማል "አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንከው?" ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋ ልክ ነው። እኔም ነገሩ ስለ ዕቃዋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር።

ሰኞ ዕለት ነው። ሁምቦ ታሞ የተኛ የድሮ የሥራ ባልደረባዬን ጠይቄ ስመለስ የኤርካሎ ሚኒባስ አገኘኝና ጋቢና ገባሁ። ኤርካሎ ከሁምቦ ሶዶ ሲመላለስ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ትሑትና ጸሎተኛ፣ መንገድ ላይ ሽማግሌ ቆሞ ካየ ወንበር ባይኖረውም አጠጋግቶ የሚያሳፍር ሰው ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት ትንሽ ሰረቅ አድርጋ አየችኝና፣

"ቲቸር ዮሴፍ! ረሱኝ እንዴ?" አለችኝ።

ሊድያ ጦና ነበረች። አሥረኛ ክፍል ሳለች "ለምን?" በሚል አንድ ቃል ብቻ ደወል እስኪደወል ታቆመኝ የነበረች ልጅ ናት። አሁን የመኪና ኤሌክትሪክ ተምራ ሶዶ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ታስተምራለች። ለተማሪዎቿ የልምምድ ቦታ ልትጠይቅ ሁምቦ ወርዳ መመለሷ ነበር።

ወሬያችንን ሳንጨርስ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። ኤርካሎ ዳር አስይዞ አቆመ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። የገረመኝ የመኪናው መቆም ሳይሆን ከተሳፋሪው አንድም የደነገጠ አለመኖሩ ነው። ሁሉም እንደ ለመደ ሰው እየወረደ የግራር ጥላ ፈለገ። ቅቤ ይዘው ወደ ገበያ የሚሄዱ እናት "ደግሞ ውሃ ጠማት?" ብለው አላገጡ፤ ሰዉም ሳቀ።

ኤርካሎ እኛን አስወርዶ የጋቢናውን ወንበር አነሣ፤ ሞተሩ ከሥሩ ነው። ከኋላ ቢጫ ጀሪካንና የታጠፈ ጨርቅ አመጣ። ጨርቁን ነክሮ ቤንዚን በሚያልፍበት ቱቦ ላይ ጠመጠመና ውሃ አፈሰሰበት። ሞከረ፤ እምቢ አለው። ጠበቀ። ደግሞ ሞከረ። ሃያ ደቂቃ ግድም ሲሆን ሞተሩ ተነሣ። ሊድያ ስልኳ ላይ ሰዓቱን አየች።

"ኤርካሎ፣ ይኼን ማን አስተማረህ?" አለችው መንገድ ስንጀምር።

"ጋሽ ሰብስቤ ናቸዋ። ቤንዚኑ በሙቀት ይተንና ቱቦው ውስጥ አየር ይይዛል አሉ። ጨርቁ ያበርደዋል።"

"ዳሽቦርድህ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ፕላስተርስ?"

ኤርካሎ አፈረ። "ከሥሩ መብራት አለ። የሞተር ሥዕል ያለው፣ ቢጫ። ስድስት ወር ሆነው ከበራ። ተሳፋሪ አይቶ እንዳይፈራ ሸፍነው አሉኝ።"

"እሳቸው ራሳቸው?"

"እሳቸው ራሳቸው።"

ከዚያ ኤርካሎ የልቡን ነገረን። ሚስቱ ትርፌ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ሁለተኛውን ለመውለድ ቀኗ ደርሷል። ሐኪሙም "ምጥ እንደ ጀመራት ሶዶ ሆስፒታል አምጣት። አንዴ የተሰፋ ማህፀን ነው፤ መንገድ ላይ መቆየት የለባትም" ብሎ አስጠንቅቆታል። ሐሙስ ከሁምቦ ሶዶ አክስቷ ቤት ሊያመጣት አስቧል። ኤርካሎ ሲጨንቀው አማርኛው ሴቱንና ወንዱን ያቀላቅልበታል።

"ምጡ ከሐሙስ በፊት ትርፌን ቢይዘውስ ቲቸር? እሱ ውስጥ እያቃሰተ እኔ ጨርቅ አርጥቤ ሃያ ደቂቃ ልቁም?"

ሊድያ "ቀጥታ ጋሽ ሰብስቤ ጋ ንዳው" አለችው።

ጋሽ ሰብስቤን ሶዶ ውስጥ የማያውቅ ሹፌር የለም። አያታቸው ከሰሜን የመጡ ጸሐፊ ነበሩ ይባላል፤ እሳቸው ግን ከብዕር ይልቅ ካቻቢቴ መረጡ። ጋራዣቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ የአቮካዶ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የእሳቸው በርጩማ። ረጅሙን ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው "ሦስተኛው ፒስተን" ይላሉ፤ ሲከፈት ሦስተኛው ፒስተን ሆኖ ይገኛል። ከዲምቱ እስከ ገሱባ "የሰብስቤ ጆሮ" ሲባል የኖረው በከንቱ አልነበረም።

ስንደርስ ጀርባቸውን ሰጥተው መግቢያው ላይ ቆመው ነበር። ኤርካሎ ክላክስ አሰማ፤ አልዞሩም። ደገመ። በመጨረሻ ወርዶ ክንዳቸውን ያዝ አደረጋቸው።

"አዬ ልጄ! ይኼ የብየዳ ቤት ጫጫታ ሰው ያደነቁራል" አሉ እየሳቁ። ምሳ ሰዓት ነበርና ብየዳ ቤቱ ተዘግቷል።

ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ሊድያ የጦና ልጅ መሆኗን ነገርኳቸው፤ የቤተሰቡንም የከብቱንም ተጠያየቅን። ኤርካሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ የመንገዱን ነገር ነገራቸውና ሞተሩን አስነሣ። ጋሽ ሰብስቤ ካቻቢቴያቸውን ደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። በዚያን ጊዜ የሞተሩ ቺንጊያ፣ ያ የጎማ ቀበቶው፣ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ይጮኽ ነበር። ጩኸቱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች እንኳ ዞር እያሉ አዩን።

"ከቤንዚኑ በቀር ሌላው ንጹሕ ነው" አሉ ጋሽ ሰብስቤ ቀና ብለው። "አንዳች የሚጮኽ ነገር የለበትም።"

ኤርካሎ መሬት መሬት አየ። ሊድያ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ የአቮካዶውን ዛፍ። ስንት ሞተር ያዳነ ጆሮ ነው፣ ማን ደፍሮ ምን ይበለው?

"ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝና" አለች ሊድያ እንደ ኤርካሎ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ፊት ለፊታቸው ቆማ፣ "ችግሩ ቤንዚን አይመስለኝም።"

"ዕድሜሽ ስንት ነው ልጄ?"

"ሃያ ሰባት።"

"እኔ ይቺን ጨርቅ ሳረጥብ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። አባትሽ ጦና ያን አሮጌ ፒካፕ ዲምቱ መንገድ ላይ ሲቆምበት በዚህችው ጨርቅ ነው ያስነሣሁለት። ጠይቂው።"

"ነግሮኛል። እዚያ ጨርቁ ልክ ነበር፤ የአባባ መኪና ካርቡራተር ነበረው፣ ፓምፑም ሞተሩ ላይ ተለጥፎ አብሮ ይግላል። የኤርካሎ ፓምፕ ግን ከኋላ፣ ታንከሩ ውስጥ ነው። ቤንዚኑን በብርቱ ግፊት ነው የሚልከው። ግፊት ያለበት ፈሳሽ ደግሞ ቶሎ አይተንም፤ ቲቸር ናቸው ያስተማሩን።"

በጡረታ ዘመን እንዲህ ያለ ደመወዝ ይገኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ደረቴን ነፋ አደረግሁ።

"ታዲያ ለምን ይነሣል?" አሉ ጋሽ ሰብስቤ። "ዛሬ በዓይንሽ አላየሽም? ጨርቁ ተደረገ፣ መኪናው ተነሣ።"

"ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተነሣ ጋሼ። ጨርቁን ሳያደርግ ሃያ ደቂቃ ቢጠብቅስ? ሞክሮት ያውቃል?"

ሁላችንም ወደ ኤርካሎ ዞርን። "አይ" አለ። "ጨርቅ እያለ ለምን ዝም ብዬ እቀመጣለሁ?"

እዚህ ላይ በኤርካሎ አልስቅም። ሰው የጨነቀው ጊዜ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ አንድ ነገር ያደርጋል፣ ከዚያም የዳነው ባደረገው ነገር ይመስለዋል። እኔም ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር የሚያቃጥለውን የቃሪያ ዳጣ በብዛት እበላለሁ፤ በሳምንቱ ይለቀኛል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ዳጣው ነው።

ሊድያ ከቦርሳዋ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ አውጥታ ከዳሽቦርዱ ሥር ሰካችና ስልኳን አየች። "የካምሻፍት ሴንሰር ምልክት አይመጣም ይላል።"

"ስልክ ሞተር ምኑን ያውቃል?" አሉ ሽማግሌው፤ አሁን ቆጣ ብለዋል። "ይኸው ነው የናንተ ነገር! ስልኩ አለ ብላችሁ አንዱን ትፈታላችሁ፣ አልሆነም ብላችሁ ሌላውን ትፈታላችሁ። መካኒክ አይደላችሁም፣ ዕቃ ቀያሪ ናችሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም!"

"እውነትዎን ነው" አለች ሊድያ። "እኔም ተማሪዎቼን የምቆጣው በዚሁ ነው። ይኼ ጥቆማ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል፣ ሽቦው ሊሆን ይችላል፣ ሶኬቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አልቀይርም፤ መጀመሪያ ሽቦውንና ሶኬቱን አያለሁ።"

አጎንብሳ በመለኪያ ሽቦውን ከጫፍ ጫፍ ፈተሸች፤ ሶኬቱን ነቅላ ጠርጋ መለሰች። ሁለቱም ደኅና ነበሩ። ጋሽ ሰብስቤ እጇን ይከታተሉ ነበር። እጅ አይተው ሰው የሚመዝኑ ናቸውና ቁጣቸው ሲበርድ ታወቀኝ።

"ካምሻፍቱን አውቀዋለሁ፤ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው" አሉ። "ይኼ ሴንሰር የሚባለው ግን ምን ይሠራል? እኛ ያለ እሱ ስንት ዘመን ኖረናል።"

"ያለ እሱ አልኖራችሁም ጋሼ። ዲስትሪቡተር ነበራችሁ።"

ሽማግሌው ቅንድባቸውን አነሡ።

"ዲስትሪቡተሩን የሚያዞረው ማን ነበር?"

"ካምሻፍቱ ነዋ።"

"ለየካንዴላው በየተራው እሳት ያድል ነበር። እዚህ መኪና ላይ ዲስትሪቡተር አለ?"

"የለም። ስፈልገው አጣሁት፤ ከፋብሪካው ሳይገጠምለት ነው የመጣው።"

"እሳት ማደሉን ኮምፒዩተሩ ወስዶታል። ተራው የማን እንደሆነ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ይኼ ሴንሰር ነው። የዲስትሪቡተሩ ወራሽ ነው ቢሉት ይሆናል።" ወደ እኔ ዞረች። "ቲቸር፣ ሰዓትዎን ያውሱኝ።"

ፈትቼ ሰጠኋት።

"ጋሼ፣ ስንት ይላል?"

"ሰባት ተኩል።"

"የቀን ነው የሌሊት?"

ጋሽ ሰብስቤ ሳቁ። "ፀሐይቱ አናትሽ ላይ ቆማ?"

"እኛ ፀሐይን ስላየን ነው። ሰዓቱ ግን አያውቅም፤ አጭሩ ቀስት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይዞራል፣ ሰባት ተኩልን ሁለት ጊዜ ያሳያል። የትኛው እንደሆነ የምትለየው ፀሐይ ናት፤ እሷ አንዴ ብቻ ነው የምትዞረው። ቲቸር፣ የምትዞረው ምድር ናት እንዳይሉኝ።"

ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት።

"ክራንክሻፍቱ፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ እንደዚህ ሰዓት ነው" አለች። "ፒስተኑ ለአንድ ፍንዳታ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል..."

"አንዴ ቤንዚንና አየሩን ሊጨምቅ፣ አንዴ ጭሱን ሊያስወጣ" ብለው ቀጠሉላት ጋሽ ሰብስቤ። "ካንዴላው መተኮስ ያለበት ሲጨምቅ ነው። ጭስ ሲያስወጣ ቢተኩስማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።"

"ክራንክሻፍቱን ብቻ የሚያይ ኮምፒዩተር ፒስተኑ ላይ መድረሱን ያውቃል፤ ለመጭመቅ ይሁን ለማስወጣት ግን አያውቅም። ካምሻፍቱስ ስንት ጊዜ ይዞራል?"

"ለሁለት የክራንክሻፍት ዙር አንድ ዙር። ይኼን እኔ ነኝ የማስተምርሽ።" ካሉ በኋላ ቆም አሉ። "እንዴ! ፀሐይዋ እሱ ነው በይኛ።"

"ፀሐይዋ እሱ ነው። ሴንሰሩ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ፀሐይዋን የሚያይባት መስኮት ናት። መስኮቷ ስትዘጋ አንዳንዱ መኪና እየገመተ ይሄዳል። የኤርካሎው ግን ካላወቀ አይተኩስም፤ ይቆማል።"

"እንዴት ነው የምታየው? ዓይን የላት።"

"ውስጧ ማግኔት አለ፣ በማግኔቱ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ሽቦ ተጠምጥሟል። ካምሻፍቱ ላይ ያለው ብረት ጥርስ አለው። ጥርሱ በፊቷ ባለፈ ቁጥር ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ ኮምፒዩተሩ ያን እየቆጠረ ተራውን ያውቃል። የኤርካሎው ቀጭን ሽቦ በእርጅና የተሰነጠቀ ይመስለኛል። ሲግል ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲበርድ ይገጥማል። ሃያ ደቂቃው ያ ነው። ጨርቁ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ጊዜው ነው።"

ጋሽ ሰብስቤ ካቻቢቴያቸውን በመዳፋቸው እያሹ ቆዩ። ከዚያ እንደ ጨዋ ሰው ተናገሩ። "ነገርሽ መልክ አለው። ነገር ግን አርባ ሦስት ዓመት በአንድ ሰዓት ወሬ አይሻርም። ነገ በቀትር ዳገቱ ላይ እንፈትናለን። ከተሸነፍኩ ጨርቁን አንቺ ትወስጃለሽ።"

"ከተሸነፍኩ ተማሪዎቼን ይዤ መጥቼ ጨርቅ ማርጠብ እማራለሁ" አለች።

ማክሰኞ በቀትር አራታችን ብቻ ሆነን ወረድን፤ ኤርካሎ ያን ቀን ተሳፋሪ አልጫነም። ስንመለስ እዚያው ዳገት ላይ መኪናው እንደ ልማዱ ቆመ። የዳኝነቱ ሰዓት የእኔ ነበር፤ ያዡ ግን ጋሽ ሰብስቤ ሆኑ። መጀመሪያ ተራው የእሳቸው ነው። ጨርቁን በገዛ እጃቸው ነክረው ቱቦው ላይ ጠመጠሙ። በአምስት ደቂቃ ተሞከረ፤ የለም። በአሥር ተሞከረ፤ የለም። በአሥራ ዘጠነኛው ተነሣ።

ጥቂት ሄደን ሞተሩ ጋለና ሁለተኛ ቆመ። አሁን ሊድያ ቱቦውን ደረቅ ተወችው። እርጥቡን ጨርቅ በላስቲክ ከረጢት ጠቀለለችና ውሃ ሶኬቱን ሳይነካ ሴንሰሯ ላይ ብቻ አስቀመጠችው። በአራተኛው ደቂቃ ኤርካሎ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ያለ ማንገራገር ተነሣ።

"ድንገት ሊሆን ይችላል" አሉ ሽማግሌው።

"ሊሆን ይችላል" አለች ሊድያ። "ሦስተኛውን እርስዎ ያድርጉት።"

ሦስተኛ ጊዜ ሲቆም ጋሽ ሰብስቤ ከረጢቱን ራሳቸው አስቀመጡት። አራት ደቂቃ። ተነሣ። እሳቸው ግን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሰዓቱ ላይ አፍጥጠው፣ ሰዓቱን ግን ሳያዩ። አሳዘኑኝ። ሰው በጠላቱ ሲሸነፍ ይናደዳል፤ በገዛ ልማዱ ሲታለል ግን የሚናደድበት እንኳ ያጣል።

ኋላ ተነሥተው ጋቢና ገቡ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር የዳሽቦርዱን ጥቁር ፕላስተር ፈቅፍቀው ላጡት። ቢጫዋ መብራት ቦግ ብላ ታየች።

"ስድስት ወር ሙሉ 'እዚህ ጋ ነው ሕመሜ' ስትል አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ" አሉ። "ኤርካሎ፣ ይቅር በለኝ።"

"ኧረ ጋሼ! ምንም አይደል፣ ጌታ ይመስገን..."

"ምንም አይደል አትበለኝ። ሚስትህን ይዘህ ብትቆምስ?"

ኤርካሎ አንገቱን ደፋ፤ ጋሽ ሰብስቤም በውላቸው መሠረት ጨርቁን ለሊድያ ሰጧት።

ያን ዕለት ሳይመሽ ካልተጠገነ ብለው እሳቸው እረፍት አጡ። ሊድያ ከመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ሴንሰር አገኘች፤ አሮጌውን የያዘው አንድ ቡሎን ብቻ ነው። ጋሽ ሰብስቤ ፈትተው አዲሱን ገጠሙ፣ ሊድያ ሶኬቱን ሰካች፤ ሥራው ኤርካሎ አንድ ሻይ እስኪጠጣ አለቀ። ከዚያ ሊድያ ማንም ሳያያት፣ ወይም ማንም ያላያት መስሏት፣ የላላውን ቺንጊያ ወጠር አደረገችው። መብራቷም ጠፋች። ኤርካሎ ዳገቱን ሁለቴ ወርዶ ወጣ፤ አንዴም አልቆመም።

ምጡ ሐሙስን አልጠበቀም። ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ በምታቃጥልበት በዚያው ሰዓት፣ ኤርካሎ ወደ ሊድያ ደወለ። "ትርፌን ያዘው! ተነሥተናል!" ብሎ ዘጋው። ሊድያ ወደ ጋራዡ ስትሮጥ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሦስታችን አቮካዶው ሥር ተቀመጥን። ሊድያ ስልኳን ታያለች፣ እኔ ሰዓቴን። ጋሽ ሰብስቤ ደግሞ ወደ ዳሞታ ተራራ አንጋጠው "እመቤቴ፣ በእኔ ጥፋት አታድርጊባት" ሲሉ ሰማኋቸው።

ከሦስት ሰዓት በኋላ የጋሽ ሰብስቤ ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ነዘረ። ኤርካሎ ለክብራቸው ብሎ ነው ወደ እሳቸው የደወለው። አንሥተው ወደ ቀኝ ጆሯቸው አደረጉ። ወደ ግራ አዛወሩት። እንደገና ወደ ቀኝ። ከስልኩ የሰው ድምፅ እየጮኸ ይወጣል፤ እኔ ከተቀመጥኩበት እሰማዋለሁ። የሽማግሌው ፊት ግን ባዶ ነበር። እንደ ወትሮው "እሺ፣ እሺ፣ ሰማሁ" ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ስልኩን ለእኔ ዘረጉልኝ።

"መምህር፣ ይስሙልኝ" አሉ። "እኔ አልሰማም።"

ተቀበልኩ። ኤርካሎ ያለቅስ ነበር። "ቲቸር! አንዴም አልቆመችም! ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ! ሐኪሙ በሰዓቱ ደረሳችሁ አለ። ሴት ልጅ ወለደ ትርፌ! ሁለቱም ደኅና ነው!"

ቃል በቃል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኳቸው። ሊድያ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ጋሽ ሰብስቤ አማተቡ፤ ዕንባቸውንም ዘይት በነካው እጃቸው ሲጠርጉ ጉንጫቸው ጠቆረ።

"ሦስት ዓመት ይሆነኛል" አሉ። "መጀመሪያ የወፉ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ የልጅ ልጄ ስትጠራኝ መስማት አቃተኝ። የሰብስቤ ጆሮ ደነቆረ ከሚባል፣ የመጣውን መኪና ሁሉ 'ቤንዚን ነው' ማለት ቀለለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ ነበር እናቴ። የኤርካሎን መብራት የሸፈንኩበት ፕላስተር ትርፍ ነው፤ ዋናውን ራሴ ላይ ለጥፌው ነበር።" ወደ ሊድያ ዞሩ። "ቺንጊያውን ስታጠብቂው አይቼሻለሁ። ይጮኽ ነበር ማለት ነው?"

"ትንሽ፣ ጋሼ።"

"መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ነበር" አልኩ እኔ፤ አስተማሪ ውሸት አይሆንለትም።

ደንግጠው አዩኝ፤ ከዚያ ሳቅ ፈነቀላቸው። "ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል በሉኛ! የአዋጁን በጆሮ ነው የነገርኳችሁ።"

"ጋሼ፣" አለች ሊድያ፣ በርጩማዋን ወደ ፊታቸው አስጠግታ፣ "ጆሮም ይመረመራል። ሽቦው ነው ወይስ ሶኬቱ፣ ሳይታይ አይታወቅም። የጆሮ ኩክ ብቻም ሊሆን ይችላል። ሰኞ እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ።"

"መሣሪያ ቢሰኩብኝስ? ጆሮዬ ላይ ዕቃ ተለጥፎ ያየኝ ሰው ምን ይላል?"

"ዲስትሪቡተሩ ወራሽ አገኘ ይላል።"

ጋሽ ሰብስቤ ቀኝ ጆሯቸውን ነካ ነካ አደረጉና "ሰኞ ያልሽው ይሁን" አሉ።

ሰኞ ሄዱ። ኩክ አልነበረም፤ የአርባ ሦስት ዓመት የሞተር ጩኸት የጎዳው ጆሮ ነው። ሐኪሙ እንዳለው ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ቺንጊያው ያመለጣቸው ለዚህ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የባቄላ ፍሬ የምታክል መሣሪያ በቀኝ ጆሯቸው ገባች። አሁን የሊድያ ተማሪዎች በየሳምንቱ ማክሰኞ ጋራዡ ይመጣሉ። እሷ ስልኩ ላይ የሚወጣውን የብልሽት ቁጥር ማንበብና ሽቦ መለካት ታስተምራቸዋለች፤ እሳቸው ካቻቢቴ ደግፎ ማዳመጥን። "ስልኩ ይጠቁማል፣ እጅ ያረጋግጣል" የምትል የራሳቸውን አባባል አውጥተዋል፤ በቀን አሥር ጊዜ ይሏታል። ብየዳ ቤቱ አጠገብ የሚሠራ ልጅ ሁሉ ጆሮውን እንዲሸፍን ያስገድዳሉ፣ እምቢ ያለውን ይሳደባሉ። ዳሽቦርዱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ የሚመጣ ሹፌርም ፕላስተሩን ሳይልጥ መኪናው አይነካለትም።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህ ነው። የድሮው ዕውቀት ውሸት አልነበረም፤ ለድሮው ሞተር የተሰፋ እውነት ነበር። መሣሪያ ሲለወጥ ልማዱን አብሮ የፈተነ ሰው የድሮ ዕውቀቱንም ያድናል፤ ሳይፈትን የሙጥኝ ያለ ግን አንድ ቀን ሰው ምጥ ላይ ሆኖ ጨርቅ ሲያረጥብ ይገኛል። የበራ መብራት ጠላት አይደለም። ሲነግሩን መስማት፣ ሳንሰማ ስንቀርም አልሰማሁም ማለት፣ ብዙ ዳገት ያስወጣል።

ከሁለት ወር በኋላ ኤርካሎና ትርፌ ሕፃኗን ይዘው ጋራዡ መጡ። "ሳሮ!" ብለው ሁሉንም ሰላም አሉ። ትርፌ ልጇን ጋሽ ሰብስቤ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። ሕፃኗ የዘይቱ ሽታ አልጣማትም መሰል ፊቷን አጨማደደችና በዚያ በቀጭኑ ድምፅ፣ ከቺንጊያው በሚብስ ድምፅ፣ ጮኸች። ኤርካሎ ሊወስዳት እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው ግን አልሰጡትም። በቀኝ ጆሯቸው ወደ እሷ ዘንበል አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጀርባዋን በቀስታ መታ መታ እያደረጉ፣

"ሰምቻለሁ ልጄ" አሏት። "ሰምቻለሁ።"